የክት ባትሪ

ብቸና ላይ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲወጣ፣ በስተግራ፣ በሯ ላይ የሙሽራና የተመራቂ ፎቶ የደረደረች ሴት አለች። ይርጋነሽ ትባላለች። ቀጭን ናት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ስትቆጣ ግን ምንም አትሸፍንም። የሰርግ ወር ሲሆን ካሜራዋን አንግታ ገጠር ለገጠር ትዞራለች፤ ጾም ሲገባ ደግሞ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ እያነሳች ትከርማለች። ከአገሩ ሰው በእሷ ካሜራ ያላለፈ ቢኖር ወይ ሕፃን ነው ወይ ግትር ነው።

ሰው ግን ለፎቶ ብቻ አይመጣባትም። የባትሪ ነገር የሚጠየቀው እሷ ዘንድ ነው። የግድግዳ ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረበት፣ ሬዲዮው ዜና መሐል የሚያቃስትበት፣ የእጅ ባትሪው ጅብ ሲጮኽ ጠብቆ የሚጠፋበት ሁሉ ዕቃውን ታቅፎ ሱቋ ይቆማል። እሷም ሳትቆጣ አትመክርም።

«ለሰዓት ተራውን ድንጋይ ግዛ አላልኩህም? ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ ቆሞም ያልቃል፤ ለሰዓት አይሆንም። እሱን ለካሜራ ፍላሽ፣ ለልጆች መጫወቻ፣ ቶሎ ቶሎ ለሚበላ ዕቃ ያዘው። ተራው አንድ ሰርግ አያደርስህም፤ ይኼኛው ግን እየሞላህ ዓመት ትሠራበታለህ። ሥራ ፈት አታድርገው ብቻ። ሥራ የፈታ ባትሪና ሥራ የፈታ ወንድ አንድ ናቸው።»

ሰውየው ይስቃል፤ እሷ አትስቅም። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት አሁን የምነግራችሁን ስሕተት የሠራችው። ቂም ዐዋቂንም ያሳውራል።

ይርጋነሽ ቂመኛ ናት። ይህ ሐሜት አይደለም፣ ራሷም አትክደውም። የንስሐ አባቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ቢገሥጿት፣ «አባቴ፣ እኔ እኮ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ብቻ ነው የያዝኩት» ብላ አስደንግጣቸዋለች። የሚፈርድባት ይፍረድ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የወጋት ሽመክት ነው። ሽመክት በከተማው ከእሷ ሌላ ያለው ፎቶ አንሺ ሲሆን፣ ሙያውንም ያስተማራት እሱ ነው። በልጅነቷ ሱቁ ገብታ ፎቶ በመቁረጥ ጀመረች፤ ቀስ በቀስ ካሜራ አስያዛት። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሙሽሮች «ልጅቱ ታንሳን» ማለት አመጡ። እሷም የራሷን በር ከፈተች። ሽመክት ፊት ለፊት «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ጠጅ ቤት ገብቶ ግን «ልጅ አሳደግሁ ስል ባላንጣ አሳድጌ» ሲል የሰሙት ብዙ ናቸው።

የይርጋነሽ እናት ወይዘሮ አምሳለች በዕድሜያቸው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም ነበር። «የእኔ ፊት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ምን ሊፈይድ» ይሉ ነበር። ልጃቸው ፎቶ አንሺ ሆና እንኳ ካሜራ ስታነሣ በነጠላቸው ይሸፈናሉ። ለምና፣ ተቆጥታ፣ አልቅሳ አልሆነላትም። ታናሽ እህቷ ምሥራቅ የምታገባ ጊዜ ግን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ «እሺ፣ ለምሥራቅ ስል አንዴ እቀመጣለሁ። አንዴ ብቻ» አሉ። ይርጋነሽ ከሙሽራይቱ ይልቅ ተደሰተች።

የሰርጉ ዋዜማ መብራት ጠፋ። ይርጋነሽ ያን ጊዜ አዲስ ጀማሪ ናት፤ ያለቻት ባትሪ አንዲት ናት፣ እሷንም ገንዘብ አጠራቅማ ሞጣ ሄዳ የገዛቻት ናት። ጄኔሬተር ያለው ሽመክት ብቻ ነበር። በሙያው ሰዎች ዘንድ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፤ ባላንጣም ቢሆን ቻርጅ አይከለከልም፣ እንደ እሳት ነው። ጎረቤት እሳት ቢጠይቅ እምቢ አይባልም። ይርጋነሽ ባትሪዋን ወስዳ ሰጠችው፤ በማግስቱ ጠዋት ተቀበለችው። ካሜራው ውስጥ ብትከታት ሙሉ ነኝ አለች። መልኳ ያው፣ መጠኗ ያው፤ ማን አገላብጦ ያያል?

እናቷ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከምሥራቅ ጎን ተቀመጡ። ይርጋነሽ መጀመሪያ ሙሽራይቱን ለብቻዋ ሁለት ሦስት ጊዜ አነሣቻት። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ «ቀና በይ እማዬ» ስትል ካሜራው ጠፋ። ብታበራው ብልጭ ብሎ ጠፋ። ባትሪዋን አውጥታ በቀሚሷ ጠርጋ መለሰቻት፤ ጠፋ። ሚዜዎቹ በር ላይ ደርሰው ይዘፍናሉ፣ ሰው ይጋፋል። እናቷ ትንሽ ጠበቁና ተነሡ። «ተይው ልጄ፤ እግዜር አልፈቀደም። አንቺ ካየሽኝ ይበቃኛል» አሏት። ዳግመኛም አልተቀመጡላትም።

የዚያን ዓመት ክረምት ሳይወጣ ሞቱ። እንደምታውቁት ዛሬ ዛሬ ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይያዛል፤ እየተሳመ፣ እየተዞረ ይለቀሳል። የፎቶ አንሺዋ እናት ግን ያለፎቶ ተለቀሱ። አስለቃሿም ይህ አላመለጣትም፤

የአገሩን ሁሉ መልክ ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣
የእናቷ ፊት ጠፋት እንደ ቀትር ጥላ።

ሰው አለቀሰ። ይርጋነሽ ግን ዕንባዋ ደረቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደሏን የምታወርድበት ሰው ፈለገች፤ መጀመሪያ የታሰባት ባትሪዋን የሸጠላት ነጋዴ ነበር።

ሐዘን እንደወጣች ባትሪዋን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። ደብረ ወርቅን አልፋ ሞጣ እስክትደርስ ድረስ የምትሳደበውን ስድብ በሆዷ ስትደረድር ነበር። አብዱሰመድ አባቱም አያቱም ሞጣ ላይ የነገዱ ሰው ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሸጣል። ስድቧን ሰምቶ ሲያበቃ ባትሪዋን ተቀብሎ አገላበጠ።

«እህቴ፣ ይህችን እኔ አልሸጥኩልሽም» አላት።

«ትክዳለህ ደግሞ!»

«አልክድም። እኔ የምሸጠውን ባትሪ ሁሉ ሆዱ ላይ በመርፌ እጭረዋለሁ፤ የሌላ ሰው ዕቃ ቀይርልኝ የሚለኝ ስለበዛ። ያንቺም ላይ ስጭር አይተሻል። ይህች ጭረት የላትም።» ከዚያ ጣቱን ቀለጥ ያለ ጥጓ ላይ አሳረፈ። «ይህችንማ ዐውቃታለሁ። ሽመክት የሚሉት የእናንተ አገር ፎቶ አንሺ ሌላ ቦታ ገዝቷት ኖሮ፣ ቀይርልኝ ብሎ አምጥቷት ነበር። ያኔም ጥጓ ቀልጧል። ልቧ የሞተ ናት። አረንጓዴው መብራት ቶሎ ይበራል፣ ግን ጽዋው ስለጠበበ ነው ቶሎ የሚሞላው። ሙሉ ነኝ ትልሻለች፤ ፍላሽ ሲመጣባት ትወድቃለች።»

ይርጋነሽ ሱቁ ውስጥ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ውኃ ሰጣት፤ ጠጣች። ከዚያ እንደዚያችው ያለ አዲስ ባትሪ ገዛች። አብዱሰመድ በመርፌው ሲጭርላት እያየች፣ «ሽመክት የሠራውን በሰው ፊት በአፉ እስኪናገር፣ ይህችን ባትሪ ካሜራ ውስጥ ባስገባት የአምሳለች ልጅ አይደለሁም» ብላ ማለች።

አብዱሰመድ መጀመሪያ ሳቀ፤ ፊቷን አይቶ ተወው። «ባትሪ የክት የለውም እኮ እህቴ። ሁሉም የዘወትር ነው። ካልሠራሽበት ይሞትብሻል። ባይሆን አልፎ አልፎ እያወጣሽ ሙያት» አላት። እሷም «እሺ» አለች። እሺታዋ ከጆሮዋ አላለፈም።

ቤቷ ገብታ አዲሷን ባትሪ ጢም አድርጋ ሞላቻት። በእናቷ መሐረብ ጠቅልላ፣ ጫፉን ጥብቅ አድርጋ ቋጥራ፣ ሳጥኗ ውስጥ ከክት ቀሚሷ ሥር አስቀመጠቻት። ያልተነካ ነገር መቼም አይጎድልም ብላ ዳግመኛ አላየቻትም። የሽመክትን ባትሪ ግን ጠረጴዛዋ ላይ አዋለቻት። እንዳትሞት ቶሎ ቶሎ እየሞላች፣ ሙሉ ነኝ የምትለው ውሸቷ እንዳይጠፋባት እየሞከረች፣ እንደ ታማሚ አስታመመቻት። ክፉዋን እየመገበች ደጊቱን አስራበቻት ማለት ነው።

ለምን ያኔውኑ አልከሰሰችውም ይባል ይሆናል። ምን ብላ? ባትሪ ከባትሪ ይመሳሰላል። ሽማግሌ ብትልክ «ተሳስቶ ይሆናል፣ ይቅር ለእግዜር በይ» ብለው ጉልበት አሳስመው ያስታርቋቸዋል። ይርጋነሽ ደግሞ ዕርቅ አልፈለገችም። የእሱ ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ መንገድ ላይ ሲያገኛት «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ?» እያለች ዓመታት ጠበቀች።

ቀኑም መጣ። የሽመክት ልጅ ሃና ልታገባ ሆነ። ሽመክት የሙሽራ አባት ነውና ራሱ ማንሣት አይችልም፤ ይርጋነሽን እንዲጠራ ኩራቱ ስላልፈቀደለት፣ ይታገስ የሚባል ፎቶ አንሺ ከሞጣ አስመጣ። ከሰርጉ ሁሉ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነበር። የሽመክት አባት አባባ ወልደ ኪዳን አልጋ ላይ ውለዋል፤ ትንፋሻቸው አጥሯል። ሃና ከአያቷ ጉልበት ሥር ሆና ስትመረቅ የምትነሣው ፎቶ የመጨረሻቸው እንደሚሆን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሃና «ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፣ ያቺን አንዲት ፎቶ ብቻ» ብላለች።

መብራት ግን ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። ለጄኔሬተር የሚሆን ቤንዚን የለም፤ የሰዉ ስልክ ሁሉ ሞቶ ኪስ ውስጥ ተኝቷል። የሽመክትም የይታገስም ባትሪዎች በዋዜማው ዘፈን ቀረጻ አለቁ። በከተማው ሶላር ያላት ፎቶ አንሺ ይርጋነሽ ናት፤ ካሜራዋም ከይታገስ ካሜራ ጋር አንድ ዓይነት ባትሪ ይበላል። ይህን ቀድማ ዐስባዋለች። ሌሎቹን ባትሪዎቿን ሁሉ እንዳይጠየቁ ሆን ብላ ጨርሳ፣ ቀለጥ ያለችዋን ብቻ ሞልታ ጠበቀቻቸው።

በሰርጉ ጠዋት ይታገስና ሽመክት መጡ። ሽመክት በሩ ላይ ቀረ፤ ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል።

«ይርጌ» አላት፣ «መቼም የሙያ ሰው ለሙያ ሰው…»

«ምን ሲባል ጋሼ! እሳት ይከለከላል እንዴ? ያስተማሩኝስ እርስዎ አይደሉ» አለችውና የይታገስን ካሜራ ተቀበለች። የቀለጠ ጥጓን ወደ ውስጥ አድርጋ ባትሪዋን በገዛ እጇ ከተተቻት። ሙሉ ነኝ አለች። «ሌሎቹ አልቀውብኛል፣ የእናንተንም ፀሐይ እስክትሞላው ሰርጉ ያልፋል፤ ያለችኝ ይህችው ናት። ቆጥበህ ያዛት ወንድሜ። እስከ ምርቃቱ አጥፋት፤ ለአባባ ጠብቃት።»

ሽመክት ዐይኑ ዕንባ አቀረረ። «ሰርጉን መጥተሽ ካልቀመስሽ እቀየምሻለሁ» አላት። እሷም እመጣለሁ አለች። እንዴት ትቀራለች? የክት ቀሚሷን ለበሰች፤ ከቀሚሱ ሥር የነበረውን የእናቷን መሐረብ እንደተቋጠረ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያሰበችው ነገር ቀጥተኛ ነበር። ፎቶውን ማጥፋት አልነበረም ሐሳቧ፤ በፎቶው እሱን ማናዘዝ ነው። በአማቾቹ ፊት ይናገራል፤ ከዚያ ደጊቱን ባትሪ ሰጥታው አባቱን ያነሣል። እሷ ካገኘችው በላይ ያገኛል። ይህን ስታስብ ራሷን እንደ ቸር ሰው ትቆጥር ነበር።

አባባ ወልደ ኪዳንን እልፍኝ ውስጥ ትራስ ደግፈው አስቀመጧቸው። ጨለማ ቤት ነው፤ መስኮቱ እፍኝ ብርሃን አያስገባም። የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ሃና ተንበርክካ የአያቷን ጉልበት ሳመች። ሽማግሌው እጃቸውን ከራሷ ላይ አሳረፉ። ይታገስ ካሜራውን አንሥቶ አነጣጠረ፤ ፍላሹ ሳይበራ ካሜራው ጠፋ። አበራው፤ ጠፋ።

«ምን ሆነ?» አለ ሽመክት። ባትሪዋን ከይታገስ እጅ ነጥቆ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ጥጓን አየ። በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ይርጋነሽ መቃኑን ተደግፋ፣ እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች። ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። እሷን ልክሰስ ቢል መጀመሪያ ባትሪዋ የማን እንደሆነች መናገር አለበት፤ ያ ሁሉ ፊቱ ላይ ሲመላለስ ታየዋለች።

መሐረቡን ከቦርሳዋ አወጣች። «ሌላ አለችኝ። አዲስ ናት። ግን ያቺ የያዝካት ባትሪ የማን እንደሆነች መጀመሪያ ለሰው ንገር» አለችው። አንተ አለችው።

«ይርጌ፣ ዛሬ አይደለም። ስለ እመብርሃን። አማቾቼ ፊት…»

«የእኔም እናት በሰርግ ቀን ነው የተቀመጠችው።»

«ምን ትባባላላችሁ?» አሉ አባባ ወልደ ኪዳን፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እኔ እየደከመኝ ነው።»

ሽመክት አባቱን አየ፣ ልጁን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ። «ይህች ባትሪ የእኔ ናት» አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልሰማ ብሎት ደገመው። «የእኔ ናት። በምሥራቅ ሰርግ ጊዜ፣ ይርጋነሽ ቻርጅ አድርግልኝ ብላ አምናኝ የሰጠችኝን ደኅናውን አስቀርቼ ይህችን ሰጠኋት። እንድታፍር ብዬ ነው። እናቷ እንደሚቀመጡ ግን አላውቅም ነበር። እሳቸው ያለፎቶ ተቀበሩ።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ወይ ጉድ» አለ።

ይርጋነሽ ቃሏን ጠበቀች። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው፤ ባትሪዋን አወጣች፤ ካሜራውን ከይታገስ ተቀብላ ከተተቻት። «ቀና ይበሉ አባባ» አለችና ተጫነችው።

ጨለማ። ደግማ ተጫነችው፤ ጨለማ ነው። አወጣቻት፣ ሆዷ ላይ ያለውን የአብዱሰመድን ጭረት አየች፣ በቀሚሷ ጠርጋ መለሰቻት። ብልጭታ እንኳ የለም። ስንት ሰው ሰዓትና ሬዲዮ ታቅፎ ሲመጣ «ቆሞም ያልቃል» እያለች የተቆጣች ሴት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሞተች ባትሪ ይዛ ቆመች።

«ተናገርኩ እኮ!» አለ ሽመክት። «ያልሽኝን ተናገርኩ እኮ! አሁንስ ምን ቀረሽ?»

«ሙሉ ነበረች» አለች። «በእናቴ አጥንት፣ ሙሉ አድርጌ ነው ያስቀመጥኳት። ላነሣቸው ነበር።»

ማን ይመናት? «አዋርዳው ስታበቃ ነሳችው» አሉ ከጥጉ። «ሴትዮዋ ጨካኝ ናት» አሉ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላያትም። አባባ ወልደ ኪዳን ብቻ እጃቸውን ከሃና ራስ ላይ ሳያነሡ «ተዉት ልጆቼ። እኔ አይቻታለሁ፤ ይበቃኛል» አሉና ወደ ትራሳቸው ተመለሱ። ይርጋነሽ ክው አለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስለዚያ ቀን ስታስብ ባትሪዋን እንጂ የእናቷን ቃል አንሥታ አታውቅም ነበር። አንቺ ካየሽኝ ይበቃኛል ብለዋት ነበር። እሷ ግን የካሜራውን ጨለማ እያየች፣ የእናቷን ፊት ሳታየው ቀርታለች።

ካሜራውን ለይታገስ መልሳ፣ ባትሪዋን በእጇ እንደያዘች ወጣች። አጥሩ በር ላይ ስትደርስ ከኋላዋ የቀሚስ መንሿሿት ሰማች። ሃና ናት። የሙሽራ ልብሷን ሰብስባ፣ ጉልበቷ ላይ የእልፍኙ አቧራ እንዳለ ተከትላታለች። ይርጋነሽ ስድብ ጠበቀች፤ ቢሰድቧት በወደደች።

«ባትሪዋን ስጪኝ» አለቻት ሃና።

«ምን ታደርጊያታለሽ? የሞተች ናት።»

«ዐውቃለሁ።»

ሰጠቻት። ሃና እጇን አልመለሰችም፤ መሐረቡንም ጠበቀች። ይርጋነሽ እሱንም ሰጠቻት። ሙሽራይቱ ባትሪዋን በመሐረቡ ጠቀለለች፣ ጫፉን ጥብቅ አድርጋ ቋጠረች፣ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀና ብላ «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አለቻት።

ይርጋነሽ ያንን አቋጠር ታውቀዋለች። የራሷ ነው።